ባህር በሩ ይቆየንና የደረቅ ወደቡ በር ላይ ያለውን ሰልፍ ማን ያየዋል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ከርማችኋል። ባለፈው ሰሞን ስለ ባህር በርና ስለ አካባቢያችን ወደቦች ፉክክር ያወጣችሁትን ረጅም ጽሁፍ ከነካርታው አንብቤዋለሁ፣ ጋዜጣው ቡና ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነው ያገኘሁት እንጂ ገዝቼው አይደለም፣ ይቅር በሉኝ። ጽሁፉ አሪፍ ነው። ግን እኔ ትራንዚተር ነኝ፣ የሰው እቃ ከጉምሩክ አስወጣለሁ፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ቅጽ) ስሞላና ኮንቴይነር ሳሳድድ 14 ዓመት ሆኖኛል፣ እና የባህር በር ወሬ በተነሳ ቁጥር ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ። ሰዉ ሁሉ አይኑን ቀይ ባህር ላይ ተክሏል፣ ብራችን የሚያልቀው ግን መርከብ ላይ ብቻ አይደለም፣ የብስ ላይም ነው፣ እዚሁ ደጃችን፣ ከባህር የመጣ ኮንቴይነር የብስ ላይ ተራግፎ ጉምሩክ በሚጨርስበት በደረቅ ወደብ በር ላይ ቆመን እየጠበቅን።

አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የትኛው ደረቅ ወደብ እንደሆነ አልጽፍም፣ ነገም እዛው እንጀራዬን ልበላ ስለምሄድ። አምና ክረምት ላይ ነው፣ አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የመኪና መለዋወጫ ነበረኝ፣ ቀረጡ ተከፍሏል፣ ሪሊዙ (የመልቀቂያ ወረቀቱ) ወጥቷል፣ መኪናው ቀርቧል፣ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደርሰን ተሰለፍን። ሹፌሩ ወደ 60 የሚጠጉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ከአሰብ ጊዜ ጀምሮ የነዱ። ሰልፉ በየ10 ደቂቃው አንድ መኪና ርዝመት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጋሼ ሞተር ያስነሳሉ፣ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፣ ያጠፋሉ፣ ደግሞ ያስነሳሉ። በኋላ ሰለቻቸውና ማጥፋቱን ተዉት፣ ባትሪውም ይደክማል አሉ። ከኋላችን ያለው ተሳቢም እንደዛው፣ ከፊታችን ያለውም እንደዛው። የጭሱን ነገር ተዉት፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ከሰሏን በአንድ እጇ እያራገበች በሌላው በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ነው ስኒውን የምታቀብለን።

ከሰዓት ላይ ገባን። ኮንቴይነሩ ለካ አራት ድርብ ከተደረደረው መጨረሻ ስር ነው ያለው፣ የላይኞቹን ሶስቱን አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፣ ኮንቴይነር የሚያነሳው ማሽን፣ ሪች ስታከሩ ደግሞ አንዱ ተበላሽቶ ቆሟል፣ ሌላው ሌላ ስራ ላይ ነው። ነገ ኑ ተባልን። ነገ ሄድን፣ ነገ ኑ። በሶስተኛው ቀን ወጣ። ስቶሬጁ (የማስቀመጫ ኪራዩ) ግን አንድም ቀን አላረፈም፣ እየቆጠረ ነበር፣ አስመጪው ከፈለ፣ ከዛ ያው እንደምታውቁት መለዋወጫው ላይ ጨምሮ ሸጠው፣ እኔም እናንተም ፍሬን ሸራ ስንገዛ የዛን ሰልፍ ሂሳብ አብረን እንከፍላለን ማለት ነው። ጋሼ ሲወጡ ያሉኝን አልረሳም፣ "አሰብ ሙቀቱ ነበር የሚገድለን፣ አሁን ግን ወረፋው ነው" አሉ።

እንግዲህ የዚህ ደብዳቤ ነገር ይሄው ነው። በየስብሰባው ስንሰማ የወደብ ተወዳዳሪነት ሚባለው አንድ ፋይል ነው፣ አካባቢ ጥበቃ ሚባለው ደግሞ ሌላ ፋይል፣ አንዱን የሎጂስቲክስ ሰዎች ይይዙታል፣ ሌላውን ችግኝ የሚተክሉት ይይዙታል። እኔ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳየው ግን አንድ ነገር ናቸው። ያ ጭስ እና ያ ስቶሬጅ የአንድ ሰልፍ ልጆች ናቸው። ጭሱን የሚያጠፋ ነገር ብሩንም ያድናል፣ ለዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውድ ማሽን እንኳን አይደለም።

እስቲ በጣት እንቁጠረው። ከባድ መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሰራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይበላል። 60 መኪና ተሰልፎ እያንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ሲያስነሳ ሲያጠፋ ድምሩ 2 ሰዓት ብቻ ሞተሩ ሰራ እንበል (ብቻ ያልኩት ለሰልፉ አድልቼ ነው)፣ 360 ሊትር በቀን ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ስለዚህ በቀን አንድ ቶን ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በዓመት 300 የስራ ቀን ብላችሁ አባዙት፣ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ናፍጣ ይሆናል፣ አንዲት ኩንታል ሳያንቀሳቅስ የተቃጠለ፣ በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ የመጣ ናፍጣ። ይሄ ቁጥር የኔ ግምት ነው፣ ማንም አጥንቶ አልሰጠኝም፣ ግን ከዚህ ብዙም የሚያንስ አይመስለኝም።

ውጭ አገር ይሄን ነገር እንዴት ተገላገሉት ብዬ የጠየቅኩት የአጎቴን ልጅ ነው፣ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ኮንቴይነር ይጭናል፣ እዛ ትራክ የሚነዳ ሀበሻ መቼም ብዙ ነው። ሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ወደቦች ናቸው፣ ደንበኛ የሚሻሙ ተፎካካሪዎች። እ.ኤ.አ. 2005 ላይ ምን አደረጉ፣ ተርሚናሎቹ በማታና በቅዳሜ በር ከፈቱ፣ ቀን የሚያወጣ ኮንቴይነር ተጨማሪ ክፍያ ይከፍላል፣ ማታ የሚያወጣ አይከፍልም። በቃ። ብዙ እቃ ወደ ማታ ሄደ፣ የቀኑ መንገድ ተነፈሰ። በኋላ በ2018 ደግሞ ክፍያውን ለቀንም ለማታም አንድ አድርገው ቀጠሮ አስገቡበት፣ ሹፌሩ በስልኩ ሰዓት ይይዛል፣ በሰዓቱ ይመጣል። በ2006 ሁለቱ ተፎካካሪዎች አንድ ላይ ሆነው የንጹህ አየር እቅድ አወጡ፣ ከጥቅምት 2008 ጀምሮ ከ1989 በፊት የተሰራ ትራክ ወደብ እንዳይገባ ከለከሉ፣ በ2012 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የ2007ን የሞተር ደረጃ የማያሟላ በሙሉ ታገደ። ከናፍጣ የሚወጣው ጥቀርሻ ከ2005 ጋር ሲወዳደር ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። ደንበኛ ሸሸ ወይ? ከፊሉ እቃ ወደ ምስራቁ ጠረፍ ሄዷል፣ ለዛ ግን ብዙ ሌላ ምክንያት አለው፣ ሎስ አንጀለስ አሁንም በዓመት ሲቆጠር የአሜሪካ ትልቁ የኮንቴይነር ወደብ ነው።

ግን የአጎቴ ልጅ የነገረኝን ሌላውን ግማሽ ካልጻፍኩ ውሸታም እሆናለሁ። አሮጌው ትራክ ሲታገድ አዲሱን የገዛው ማነው? በአብዛኛው ወደቡ አይደለም፣ ዕቃው የሚጫንላቸው ትላልቅ ሱቆችም አይደሉም፣ በየቀኑ ሰርቶ የሚያድረው ሹፌር ነው፣ በሊዝ በዱቤ፣ ብዙዎቹ እዳ ውስጥ ገብተው ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። እኛ ጋር ነገ ተነስቶ አሮጌ መኪና ደረቅ ወደብ አይገባም የሚል መመሪያ ቢወጣ ማን ላይ እንደሚወድቅ እኔ አሁኑኑ ልነግራችሁ እችላለሁ፣ ጋሼ ላይ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካኖቹ የማታውን በርና ቀጠሮውን እንውሰድ፣ እገዳውን ግን ለጊዜው እዛው ይተዉልን። ጸጉር ቤት እንኳን በቀጠሮ በሚሰራበት ዘመን 40 ቶን የሚጭን መኪና በጭፍን መጥቶ ይሰለፋል እንዴ? ቀጠሮ ተጀመረ የተባለበትን ቦታ አውቃለሁ፣ ወረቀት ላይ ሰዓት ይጻፍልሃል ከዛ ሰዓቱን የሚያይልህ የለም፣ የተጻፈለትም ያልተጻፈለትም አንድ ላይ ይሰለፋል። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ማታ በር ይከፈት ስል የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ፣ ጉምሩክ ማታ የለም፣ ባንክ ማታ የለም፣ መንገዱም በማታ ስጋት አለው። ስለ መንገዱ እውነት ነው፣ ዝም ብዬ አልከራከርም። ግን ትልቁ ደረቅ ወደብ ካለበት ከሞጆ ወደ ቃሊቲ በፈጣን መንገዱ መሄድ ጅቡቲ ድንበር ላይ ጋላፊ በረሃ ከማደር ጋር አንድ አይደለም፣ የአዲስ አበባ ማድረሻ እቃ በማታ ቢወጣ ብቻ እኮ የቀኑ ሰልፍ ይቀላል።

አሁን ወደ ባቡሩ ልምጣ፣ እሱ ነው ትልቁ ቁጭቴ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 ተመረቀ፣ በጥር 2018 መደበኛ ስራ ጀመረ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ አስተዳደሩን ከቻይናዎቹ ተረክበን ራሳችን ከጅቡቲ ጋር እናንቀሳቅሰዋለን። እና ይሄ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ኤሌክትሪካችን ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው። የኬንያው የሞምባሳ ባቡር በናፍጣ ነው የሚሰራው፣ ታንዛኒያ ናት በኤሌክትሪክ የተከተለችን፣ እሷም በ2024 ነው ሰው መጫን የጀመረችው። ማለት አንድ ኮንቴይነር ከጅቡቲው ዶራሌ ወደብ ሞጆ ድረስ አንድ ጠብታ ናፍጣ ሳይነካው ሊመጣ የሚችልበት መስመር እጃችን ላይ አለ። አውሮፓ ለሚሸጥ ቡና ላኪ ይሄ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ነገር ነው፣ ገዢዎቹ አሁን አሁን ቡናው ከምን ማሳ መጣ ብቻ ሳይሆን በምን ተጓጓዘም ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ እየመጣ ነው። አንድ ባቡር መቶ ገደማ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይጎትታል፣ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፣ መኪናው ሁለት ሶስት ቀን ይፈልጋል፣ ያውም ፒኬ 12 በሚባለው የጅቡቲ የመኪና መቆያ ላይ በዛ ሙቀት የሚጠብቀውን ሳንቆጥር።

ታዲያ ለምንድነው አብዛኛው እቃ አሁንም በጎማ የሚመጣው? እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ የማውቀውን ልበል። መብራት ሲቋረጥ ባቡሩ ይቆማል። በሐዲዱ ላይ ግመልና ከብት ይገባል፣ ይገጫል፣ ካሳ ይጠየቃል፣ በዛው ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት መንገድ ላይ ነው ሐዲድ የተዘረጋበት፣ እሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ገመድ ይሰረቃል። እነዚህ ሁሉ የታወቁ ናቸው፣ በዜና ይወራሉ። የማይወራው ግን ይሄ ነው፣ ለአስመጪ ዋናው ነገር ፍጥነት አይደለም፣ መቼ እንደሚደርስ ማወቁ ነው። መኪና ሲሆን ለሹፌሩ ደውዬ ጋሼ የት ደረሱ እላለሁ፣ ገዋኔ ነኝ ይሉኛል፣ ነገ ከሰዓት እገባለሁ ይሉኛል፣ ለደንበኛዬ እነግረዋለሁ። ባቡር ላይ ያለ ኮንቴይነር የት ደረሰ ብሎ መደወያ የለኝም። ስንት ቢሊዮን የወጣበት መስመር በአንድ የስልክ ጥሪ ተሸነፈ ማለት ነው፣ ይሄ እኮ ያናድዳል። ኮንቴይነሩ ያለበትን በቴክስት የሚልክ አሰራር ከሐዲድ ጋር ሲነጻጸር ስንት ብር ነው?

ሌላው ባቡሩም መኪናውም ሲመለስ ባዶ መሆኑ ነው። የምናስገባው ከምናስወጣው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በመኪና መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ ብረት ጭነን ጅቡቲ እንመልሳለን፣ ያውም ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ነው፣ በጊዜው ካልተመለሰ በዶላር ይቆጥራል፣ ስለዚህ ሁሉም የራሱን ባዶ ይዞ ይሮጣል። በዛው ሰዓት ደግሞ ቡና ላኪው ሞጆ ላይ ባዶ ኮንቴይነር አጣሁ ብሎ ይጮኻል። የቡና ኮንቴይነር ሲመረጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው ገብቶ በር አስዘግቶ ጨለማ ውስጥ ይቆማል፣ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ይታየዋል፣ ከዛ ያሸታል። ሳሙና ወይ ጎማ ወይ ኬሚካል የሸተተ እንደሆነ አይሆንም፣ ቡና ሽታ ይስባላ። እና አሁን መለዋወጫና ጨርቅ የመጣበትን ንጹህ ኮንቴይነር አስመጪው እንዳራገፈ እዛው አጽድቶ ለላኪው ማስተላለፍ፣ ከመርከብ ድርጅቶቹ ጋር እዚሁ ሞጆ ላይ መረካከብ የሚባለው ነገር በሰፊው ቢሰራ አንድ ምልልስ ሙሉ ይቀራል። አልፎ አልፎ ይሰራል፣ ግን በትውውቅ ነው፣ የሚያውቁት ሰው ካለ ይሳካል ከሌለ የለም። ለብዙ ዓመት መልቲሞዳል (እቃን ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ ሰነድ ማድረስ) የሚባለው ስራ በአንድ የመንግስት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር፣ አሁን ለግል ኦፕሬተሮችም ተከፍቷል፣ እስቲ አዲሶቹ እንኳን በዚህ ይወዳደሩና እንያቸው።

የወደቦቹን ፉክክር ደግሞ ላንሳ፣ እናንተ የጻፋችሁት እሱ ላይ ስለሆነ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ እቃው ሁሉ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ከዛ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ንግዳችን በአንድ በር ነው የሚገባ የሚወጣው። ጅቡቲ በዚህ መሀል ዝም ብላ አልተቀመጠችም፣ ዶራሌን ሰራች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለገቡን ወደብ ከባቡሩ ጋር ገጥማ ከፈተች፣ ታጁራን ጨመረች፣ በ2018 ደግሞ የዱባዩን የወደብ ድርጅት ዲፒ ወርልድን አስወጥታ ተርሚናሉን ራሷ ያዘች። ዲፒ ወርልድ የሶማሌላንዱ በርበራ ላይ 442 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ገብቶ በ2021 አዲሱን ተርሚናል አስመረቀ። እኛ በርበራ ላይ 19 በመቶ ድርሻ አለን ተብሎ በ2018 አጨበጨብን፣ በ2022 ድርሻው እንዳለፈን ሰማን። ኬንያም ላሙን ከፍታለች። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የባህር በር ስምምነት፣ በዲሴምበር ከሶማሊያ ጋር የአንካራው... እሱን እናንተ ትጽፉታላችሁ።

እኔ የምለው አማራጭ በር ይኑረን፣ ማን ይጠላል፣ አንድ ሱቅ ብቻ ያለው ሰፈር ዋጋ አይጠይቅም። ግን በርበራ ገብቶም ታጁራ ገብቶም እቃው መጨረሻው እዚሁ ሞጆ ነው፣ ወይ ቃሊቲ፣ ወይ ኮምቦልቻ፣ ወይ ድሬዳዋ። የመጨረሻው በር ካልሰፋ መጀመሪያ ላይ አምስት በር ቢከፈት ሰልፉ እየረዘመ ይመጣል እንጂ አይቀንስም። የዓለም ባንክ በ2017 ለንግድ ሎጂስቲክሱ 150 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ ዋናው ሞጆን ለማሻሻል ነበር፣ ይሄን ያዩት ፈረንጆቹም ናቸው ማለት ነው።

አንድ ሀሳብ ደግሞ አለኝ፣ ስቃችሁ ጣሉት ካላችሁም ጣሉት። መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ ሲያራግፍ ለራሱ መብራትና ማቀዝቀዣ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ጭሱ ወደብ ላይ ላለው ሰራተኛና ለሹፌሩ ነው። ከ2020 ወዲህ በዓለም ላይ የመርከብ ነዳጅ ሰልፈር ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል፣ ያም ሆኖ ጭስ ጭስ ነው። የስዊድኑ ዮተቦርይ ወደብ ገና በ2000 ነው መርከቡን ከየብስ በገመድ መብራት መስጠት የጀመረው፣ የአውሮፓ ህብረት ደግሞ ከ2030 ጀምሮ በትልልቅ ወደቦቹ ኮንቴይነር መርከቦች ከየብስ መብራት እንዲሰኩ ግዴታ አድርጓል። እና ጅቡቲ መብራት ከማን ነው የምትገዛው? ከኛ፣ ከ2011 ጀምሮ። ዶራሌ ላይ የቆመ መርከብ ከኛ ግድብ በመጣ መብራት ሞተሩን አጥፍቶ ቢያራግፍ ጅቡቲ ከበርበራና ከላሙ የምትለይበት ነገር ታገኛለች፣ እኛ ደግሞ በወደቡ ኪራይ ላይ የምንደራደርበት ነገር። የወደብ ክፍያ ቀንሱልን ብለን ከመለመን መብራቱን ይዘን ብንቀርብ አይሻልም? መጀመሪያ የራሳችን ሰፈር መብራት አይጥፋ የሚለኝ ካለ፣ እሺ፣ እኔም ይሄን ስጽፍ አንዴ ጠፍቶብኛል።

አረንጓዴ ምናምን የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚሉኝ የስራ ጓደኞች አሉኝ። እውነታቸውን ነው አንዳንዱ። ኤሌክትሪክ ተሳቢ እናስገባ የሚል ሲመጣ እኔም እስቃለሁ፣ መንግስት ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፣ ግን ቪትዝ የምታክል የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪና 40 ቶን ይዞ ከአፋር ቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና ባትሪ አንድ አይደለም፣ ሎግያ ላይ የሚሞላበትን ቦታ ማን ሰራው? ይሄን አልጠየቅኩም እኔ። እኔ የጠየቅኩት ቀጠሮ፣ የማታ በር፣ ስልክ የሚያነሳ ባቡርና ባዶ ኮንቴይነር የሚያገናኝ ሰው ነው። አንዱም ሀብታም መሆን አይጠይቅም።

ስለ ሞጆ ከተማ ሳልል ላልፍ ነው ስል ህሊናዬ እምቢ አለኝ። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት፣ ወንዟ ከፋብሪካዎቹ በሚወጣው ፍሳሽ ምን እንደሆነ በአጠገቧ ያለፈ አፍንጫው ያውቀዋል። በዛ ላይ ደረቅ ወደቡ መጣ፣ ስራ አመጣ፣ ሆቴል አመጣ፣ ቤት ኪራይ አስወደደ፣ ከዛ ደግሞ መንገድ ዳር የሚያድር ተሳቢ አመጣ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ መኪና ስር ተኝቶ ዘይት የሚቀይር ልጅ አያለሁ፣ የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን ይቀበላል፣ ጀሪካኑ ሲሞላ የቀረው አፈር ላይ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ወንዙ። ተማሪዎች በቆሙ መኪኖች መሀል ተሹለክልከው ነው መንገድ የሚሻገሩት። ደረቅ ወደቡ ውስጥ ስላለው እንጂ ከበሩ ውጪ ስላለው የሚጠየቅ የለም። የመኪና ማቆሚያ ቦታ፣ ሽንት ቤት፣ ዘይት መቀበያ በርሜል፣ ይሄ ከበሩ ውጪ ያለው 2 ኪሎ ሜትር የወደቡ አካል ነው ተብሎ ቢቆጠር ምናለበት። ክፍያው ከየት ይምጣ ካላችሁ ከስቶሬጁ ይምጣ፣ ሰልፉ ያመጣውን ብር ለሰልፉ ይመልሱት።

የመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እሱም ለናንተ ለራሳችሁ ነው። በየሳምንቱ የዶላር ምንዛሪና የእህል ዋጋ የምታወጡበት ገጽ አለ፣ እዛ ጥግ ላይ አንዲት መስመር ብትጨምሩስ? አንድ ኮንቴይነር ጅቡቲ ከመርከብ ከወረደበት ቀን ጀምሮ ከደረቅ ወደብ በር እስኪወጣ በአማካይ ስንት ቀን ወሰደ፣ መኪናውስ በሩ ላይ ስንት ሰዓት ቆመ። ቁጥሩ መስሪያ ቤቶቹ ጋር አለ፣ ሲስተም ላይ ይመዘገባል፣ ጠይቃችሁ አትሙት። ካልሰጧችሁም አልሰጡንም ብላችሁ በየሳምንቱ ባዶውን መስመር አትሙት። እኔ በበኩሌ ያን ሳምንት ጋዜጣውን ገዝቼ ነው የማነበው።

አክባሪያችሁ
ከናዝሬት፣ አንድ ትራንዚተር